ወንድሜ እሁድ እሁድ የሚውልበት ሜዳ

ለንደንን ልይ ብዬ አልሄድኩም። የሄድኩት ታናሽ ወንድሜን ኤርሚያስን ለማየት ነው፤ ለንደን እሱ ያለባት ሆና ተገኘች። ሀዋሳ ከተመለስኩ ጀምሮ ጎረቤቱም፣ አብረውኝ የሚያስተምሩትም «እስቲ አውሪን» ይሉኛል። በየበሩ ቆሜ ቆራርጬ ከማወራ፣ ከመነሻዬ እስከ መመለሻዬ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ተቀመጥኩ።

ኤርሚያስ አሰልጣኝ ነው። «የምን?» ሲሉኝ «የአሜሪካ ፉትቦል» እላለሁ፤ ሰሚው ግን ወዲያው ወደ እግር ኳስ ይወስደዋል። እሱ አይደለም። ኳሱ ሁለት ጫፉ የሾለ ነው፣ በእጅ ይወረወራል፣ ተጫዋቾቹ ሄልሜት አድርገው እንደ ኮርማ ይላተማሉ። ወንድሜ ገና በወጣትነቱ ለትምህርት እንደሄደ፣ ቁመቱንና ትከሻውን ያዩ ተማሪዎች ጎትተው የዩኒቨርሲቲያቸው ቡድን ውስጥ ከተቱት። ተጫወተ። ጉልበቱ ሲጎዳ ረዳት አሰልጣኝ ሆነ። ዋናው ሰውዬ አገር ሲቀይር ደግሞ ቦታውን ለእሱ ሰጡት፤ ከዚያ ወዲህ የዚያ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ነው። ሥራው ግን የትርፍ ጊዜ ነው። ቀን ቀን እንደ እኛ የቀበሌ ቤት ያሉትን የካውንስል ቤቶች በሚያስጠግን ቢሮ ይሠራል፣ ሲመሽ ያሰለጥናል፣ ጨዋታው ደግሞ ሁልጊዜ እሁድ ነው። አባታችን ወንጌላዊ ነበሩ። ልጃቸው እሁድን ሜዳ ላይ ይውላል መባሉን ሳይለምዱት ነው ያረፉት።

ማክሰኞ ጠዋት ከሀዋሳ በሚኒባስ ተነሳሁ። ዝዋይ ላይ ሾፌሩ ዓሣ ሊገዛ ወርዶ ስለዘገየ ቦሌ የደረስኩት ልቤ እየመታ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ባልቴት ሌስተር ልጃቸው ዘንድ የሚሄዱ ነበሩ። የመቀመጫ ቀበቶውን እንዴት እንደሚከፈት እሳቸው አሳዩኝ፤ እኔ ደግሞ የሚሞላውን ካርድ ሞላሁላቸው። እንቅልፍ እንደወሰደን ነጋ።

ረቡዕ ጠዋት ኤርሚያስን አውሮፕላን ማረፊያው መውጫ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጺሙ ሸብቷል። የቡድኑን ጃኬት ለብሶ ነበር፤ አቅፎኝ ብዙ ከቆየ በኋላ «እትዬ፣ በዚህ ሹራብ ነው የመጣሽው?» አለኝና ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ። የካቲት ነው። እኛ ዘንድ የካቲት ማለት ከሐይቁ ዳር ጥላ የሚፈለግበት ወር ነው፤ እዚያ ግን ትንፋሽ ይታያል።

በምድር ውስጥ ባቡር ካሌዶኒያን ሮድ ድረስ አንድ ጊዜም ሳንወርድ ሄድን። ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። በእኛ ሚኒባስ ቢሆን ሻሸመኔ ሳንደርስ የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቆ ነበር። ኤርሚያስ ግን ጥያቄው አያልቅም። «ፒያሳ ጋሪ አሁንም ይቆማል?» አለኝ። ጋሪ ከሀዋሳ ዋና መንገድ ከጠፋ ስንት ጊዜው፤ ባጃጅ ነው የተካው። ነገርኩት። እንደ መርዶ ሰማኝ።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ተበላሽቶ ሻንጣዬን በትከሻው አወጣው። የሌላውን ሰው ቤት ጥገና የሚያስተባብር ሰው የራሱ ሊፍት እንደማይሠራ እያሰብኩ ሳቅሁ። ሚስቱ ሰናይት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የምትሠራ ረጋ ያለች ሴት ናት። ምስር ወጥና ከኤርትራዊ ሱቅ የገዛችውን እንጀራ አቀረበች። ልጃቸው ሚካል መኝታ ቤቷን ለቃልኛለች። እዚያው የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ ይገባል፣ ግን እየሸሸ እንግሊዝኛ ይሆንባታል። «አክስቴ፣ አንቺ ትራስ one ወይስ two ትፈልጊያለሽ?» ስትለኝ እናቷ «እርስዎ በይ» አለቻት። ልጅቷ አሰብ አደረገችና «እርስዎ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ሌሊቱን በጎማ ከረጢት የተሞላ ሙቅ ውሃ እግሬ ሥር አድርጋልኝ ነበር። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ቆይቷል።

ሐሙስ ሚካል ትምህርት ስለሌላት ካፖርት ልታስገዛኝ ዋይት ሲቲ አጠገብ ወዳለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ ወሰደችኝ። ስንመለስ ባቡሩ ላይ እሷ ገባች፣ እኔ «ቀድመው ይውጡ» ብዬ ለሰው መንገድ ስለቅቅ በሩ ተዘጋ። መስታወቱን እየደበደበች ሄደች። ስልኬ እዚያ አይሠራም። የጣቢያው ሠራተኛ፣ ጥምጥም ያደረገ ሲክ ሰውዬ፣ መጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝና «እዚሁ ይቁሙ፤ የጠፋ ሰው ካልተንቀሳቀሰ ቶሎ ይገኛል» አለኝ። እሱም አብሮኝ ቆመ። ስለ ልጆቹ እያወራኝ ሳለ ሚካል በተቃራኒው ባቡር ተመልሳ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ለአባዬ አትንገሪው፣ please» አለችኝ። አልነገርኩትም፤ አሁን ግን ይኸው ጻፍኩት።

አመሻሹ ላይ ኤርሚያስ ልምምድ ይዞኝ ሄደ። ሜዳው ከከተማው ጫፍ ነው፣ በረጃጅም መብራቶች እንደ ቀን ይበራል። ወንድሜ ቤት ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው፤ ሜዳ ሲገባ ግን አባታችን መድረክ ላይ ሲቆሙ የነበራቸው ድምፅ ወጣለት። አንዱን ተጫዋች ሲገሥጽ ለሌሎቹ እንዳይሰማ ጠጋ ብሎ ነው፤ ሲያመሰግን ግን ሜዳው ሙሉ እንዲሰማ ነው።

ከልጆቹ መካከል ጆርዳን የሚባል ነበር። ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው፣ ጨዋታውን የሚመራው እሱ ነው፤ ኳርተርባክ ይሉታል። ወላጆቹ የጋና ሰዎች ናቸው። ቆሜ ሲያየኝ ተጣጣፊ ወንበርና ብርድ ልብስ ይዞልኝ መጣ። «አንቲ፣ ከየት ነው የመጡት?» አለኝ፤ አክስት ማለቱ ነው። ሀዋሳ፣ ኢትዮጵያ፣ አልኩት። ሐይቅ እንዳለን ነገርኩት። «ቆንጆ መሆን አለባት» አለና ሄደ። ልምምዱ ሲያበቃ ወንበሩን ሊያነሳልኝ መጣ። ያንኑ ፈገግታ ፈገግ ብሎ «አንቲ፣ ከየት ነው የመጡት?» አለኝ። የቀለደብኝ መሰለኝና ደግሜ ነገርኩት። «ቆንጆ መሆን አለባት» አለ።

እራት ላይ ይህንን እንደ ጨዋታ አነሳሁት። «ያ ቁመተ ረጅሙ ልጅህ እኔን ከምንም አልቆጠረኝም። ወዲያው ረስቶ እንደ አዲስ ጠየቀኝ» አልኩ። ሚካል ሳቀች። ኤርሚያስ አልሳቀም። የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«በትክክል ምን አለሽ?»

ነገርኩት።

«ፊቱስ? ያየሽው ፊት መጀመሪያ እንዳየሽው ነበር?»

«ፈገግ ብሎ ነበር። ምነው?»

ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሰናይት ሳህኑን እያየች «ማክሰኞ ዕለት ልምምድ ላይ ወድቆ ነበር አሉ። ተነስቶ ደህና ነኝ ብሎ ቀጠለ» አለችኝ። እኔ ግን አልገባኝም ነበር።

ዓርብ ኤርሚያስ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ከቡድኑ የሕክምና ባለሙያ ጋር ወደ ልጁ ማደሪያ ሄደ። እኔ ቤት ብቻዬን ቀረሁ። ሰናይት ደክሟት መጥታ ምግብ እንዳትሠራ ብዬ ዓሣ ልጠብስ ድስቱን ጣድኩ። ዘይቱ ትንሽ ጨሰ። ኮርኒሱ ላይ ያለች ክብ ነገር እንደ አምቡላንስ ትጮህ ጀመር። የት እንደምትጠፋ አላውቅም። ከታች ፎቅ ያሉ ሽማግሌ አየርላንዳዊ መጥረጊያ ይዘው በሩን አንኳኩ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ገብተው መስኮቱን ከፈቱ፣ በመጥረጊያው እጀታ ጫን ሲያደርጓት ዝም አለች። ከዓሣው አንድ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ሲወጡ አፍንጫቸው ላይ ይዘውት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰናይት ስትመጣ ያልገባኝን አስረዳችኝ። ቡድኑ የሚጫወተው በላይኛው ምድብ ነው፤ የእሁዱን የመጨረሻ ጨዋታ ካሸነፈ እዚያው ይቀራል፣ ከተሸነፈ ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በዚህ ዓመት የመጀመሪያውን የሙሉ ጊዜ አሰልጣኝ ሊቀጥር ነው። ለኤርሚያስ «ምድቡ ላይ ከቆየን ቦታው ያንተ ነው» ተብሏል።

«ይህንን ስንት ዓመት ጠበቀ መሰለሽ፣ እትዬ» አለችኝ። «ሁለት ሥራ መሥራት ይበቃል፣ ማታ ማታ ከእናንተ ጋር እሆናለሁ ሲል ነበር።»

«ጆርዳን ካልተጫወተስ?»

«ተጠባባቂው ገና የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ነው።»

ለሳቅ ብዬ የወረወርኩት ቃል የወንድሜን የብዙ ዓመት ልፋት መታው። ኤርሚያስ ሲመለስ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠ። ልጁን ጥቂት ቃላት ነግረውት ቆይተው መልስ ሲሉት አንዷን ብቻ አስታወሰ። በአንድ እግሩ መቆም አልቻለም። በመጨረሻም ማክሰኞ ከወደቀ ጀምሮ ራሱን እያመመው፣ መብራት ሲያይ እያቅለሸለሸው እንደነበር አመነ። እንዳያስቀሩት ፈርቶ ነው የደበቀው፤ የመጨረሻ ዓመቱ ነው፣ ከእሁድ በኋላ ሌላ ጨዋታ የለውም።

«ምን አለህ?» አለችው ሰናይት።

«'ኮች፣ ሕይወቴ የእኔ ናት፣ ልጫወት' አለኝ። አለቀሰ። ከዚያ ተሳደበ።» ጣቶቹን አፍተለተለ። «የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ኃላፊም ደውሎልኝ ነበር። 'ሐኪም ቤት ገና አልታየም፤ እስከ እሁድ ይሻለው ይሆናል፣ ውሳኔው ያንተ ነው' አለኝ።»

«አንተስ?»

«ወስኛለሁ። አይገባም። አንጎሉ ተናውጧል፤ ሳይድን ቢደገምበት ላይነሳ ይችላል።»

ቅዳሜ እኔና እሱ ከቤታቸው ብዙም በማይርቀው ቦይ ዳር በእግራችን ሄድን። ጀልባ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ የጭስ ማውጫቸው ይጨሳል፣ ጣሪያቸው ላይ አበባ ተክለዋል። ዳክዬዎቹን ሳይ የእኛ ሐይቅ ዳር ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ትዝ አሉኝ፤ እነዚያ ዓሣ አጥማጆቹን እንደ ገረድ ነው የሚያዝዙት። ብዙ ሄድንና ከትናንት ጀምሮ የያዝኩትን አወጣሁት።

«አፌን ብዘጋ ኖሮ ይሻልህ ነበር።»

«ብትዘጊ ኖሮ ትናንት ደህና እንቅልፍ እተኛ ነበር» አለኝ። ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታው ሄደ። «እትዬ፣ እኔ ስወድቅ ማንም አልጠየቀኝም። ጉልበቴ አብጦ እንዲያ ነው ያስገቡኝ። አሰልጣኜ መጥፎ ሰው አልነበረም። ማሸነፍ ፈልጎ ነው። እኔም እሁድን ማሸነፍ እፈልጋለሁ። በጣም ነው የምፈልገው።»

አንዲት ሴት ከጀልባዋ ብቅ ብላ ሻይ ትጠጡ እንደሆን ጠየቀችን፤ አመስግነን አለፍን።

እሁድ ዝናብ ሳይሆን ዝናብ የሚመስል ነገር ይወርድ ነበር። ተመልካቹ እኛ ቀበሌ ለስብሰባ የሚመጣውን ያህል እንኳ አይሞላም፤ ወላጆች፣ ጓደኞች፣ አንድ ውሻ። ጆርዳን ካፖርት ለብሶ ሜዳው ዳር ቆሟል። ወንድሜን አያየውም። ተጠባባቂው ልጅ ከንፈሩ ገርጥቶ ገባ። መጀመሪያ ላይ የወረወረውን ሁሉ ተቃራኒዎቹ ያዙበት። ልጁ በወጣ ቁጥር ኤርሚያስ ትከሻውን ይዞ በጆሮው ያወራዋል። እረፍት ላይ በብዙ ተመርተን ነበር።

ሕጉን እስከ ዛሬ በደንብ አላውቀውም፤ የሰው ፊት ግን አነባለሁ። ከእረፍት በኋላ ልጁ ተፈታ። አንድ ረጅም ኳስ ወረወረ፣ አንዱ እየሮጠ በጣቶቹ ጫፍ ቀለበው፤ ሰናይትና እኔ ሳናውቀው ተያይዘን ቆመናል። እየቀረቡ፣ እየቀረቡ ሄዱ። ያኔ ነው ጆርዳን ከቆመበት ተነስቶ ወደ ልጁ የሄደው። ወደ ልጁ ሄልሜት ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገረው። ምን እንዳለው አላውቅም፤ ልጁ ግን ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻው ሙከራ ኳሱ ትንሽ አጠረ። መሬት ወደቀ። ፊሽካው ተነፋ።

ወንድሜ መጀመሪያ የሄደው ወደ ተጠባባቂው ነው። ጭቃው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አጠገቡ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ጨዋታው በጊዜ ስላለቀ ኤርሚያስ «ቸርች እንድረስ» አለ። የአማርኛው ጉባኤ ከሰዓት በኋላ ከእንግሊዞች በተከራየው አዳራሽ ነው የሚሰበሰበው። ሱሪው እንደጨቀየ ገባ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከዘማሪዎቹ ድምፅ በላይ «ኤርሚዬ፣ ዛሬ ጨዋታ የለም እንዴ?» አሉት።

«ነበር፣ እማማ። ተሸነፍን።»

«ጎሽ፣ እንኳን መጣህ» አሉትና ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉለት። ሳቅ ያመለጠኝ ያኔ ነው። እሱም ሳቀ፤ ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያው።

ሰኞ ኃላፊው ጠራው። ሰውዬው ትሑት ነበር አለ፤ ሻይ ቀድቶለታል። ቡድኑ ስለወረደ የሙሉ ጊዜው ሥራ በማስታወቂያ ይወጣል፣ እሱም እንደማንኛውም ሰው አፕላይ ማድረግ ይችላል። ኤርሚያስ ይህን ነግሮን ጣሪያዋ ስለሚያፈስባት አንዲት ሴት ጉዳይ ወደ ቢሮው ሄደ። ሰናይት ዕቃ ስታጥብ ቆይታ «አልተቆጣሁም» አለችኝ፤ ሳልጠይቃት።

ማክሰኞ የጆርዳን እናት፣ ወይዘሮ ግሬስ፣ ሁላችንንም ምሳ ጠራችን። ቤቷ ባተርሲ ነው፤ በባቡርም በአውቶቡስም ሄድን። በቲማቲም የተሠራ ቀይ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ አቀረበች። ቃሪያው የእኛን ሚጥሚጣ አስናቀኝ፤ ውሃ ስጠጣ አይታ ጀርባዬን እየመታች ሳቀችብኝ። ጆርዳን ጨለም ባለው ጥግ ተቀምጧል፣ መብራት ገና ያስቸግረዋል። ሐኪሞቹ ለሳምንታት እንዲያርፍ፣ ንባብ እንኳ እንዲቀንስ አዘውታል።

ወይዘሮ ግሬስ ሩዝ እየጨመረችልኝ ለወንድሜ እንዲህ አለችው፦ «ቢጫወት ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። ልጄ ይህንኑ ነው ሌት ተቀን የሚነግረኝ። እኔ ግን ያንን ሳላውቀው ልኑር። ይህችን አለማወቅ አንተ ነህ የሰጠኸኝ።»

ጆርዳን ከጥጉ «ኮች፣ አሁንም ተናድጄብሃለሁ» አለው።

«አውቃለሁ።»

«እሺ። ሩዙን ጨምርልኝ።»

ወንድሜ ተነስቶ ጨመረለት።

ረቡዕ ተሸኘሁ። ሚካል እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መጣች፤ ባቡር ስንሳፈር ክንዴን አልለቀቀችም። ወይዘሮ ግሬስ ቃሪያውን በብልቃጥ ሰጥታኝ ነበር፣ ፈታሾቹ ወሰዱት። ሀዋሳ ስደርስ ፀሐዩ ከሐይቁ ላይ እየተመለሰ ፊቴን መታው፤ ካፖርቱን ባጃጅ ውስጥ አወለቅሁ።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ኤርሚያስ ደወለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው አንዳንዱን እያስደገምኩ ነው የሰማሁት። አፕላይ አድርጎ፣ ኢንተርቪው ተቀምጦ፣ ሥራውን አላገኘውም። ያገኘው ማርከስ የሚባል ሰው ነው።

«እኔ ያሰለጠንኩት ልጅ ነው» አለኝ። «መጀመሪያ ሲመጣ ኳስ ሲወረወርለት ዓይኑን ይጨፍን ነበር።»

ዝናቡ እንዳያሳጣኝ ስልኩን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

«ትናንት ቤት መጣ፣ እትዬ። በር ላይ ቆሞ፣ 'አንተ ተቀበል ካላልከኝ አልቀበልም' አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ተቀበል አልኩት። ከዚያ ረዳት ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅኩት።»

ዝናቡ በረታ። ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጠበቅሁ።

«እሱስ ምን አለህ?»

«'ማክሰኞ ልምምድ አለ፤ እንዳታረፍድ' አለኝ።»